ፎጣዬን ደቻቱ ላይ

ፈቃዴን አስፈርሜ፣ ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ፣
ውሃ ዳር ልጋደም፣ ሰዎች እንደሚሉ፣
ፎጣ ገዛሁ አዲስ፣ ሰማያዊ መስመር፣
ቁምጣም አሰፋሁኝ፣ ገና ሳላይ ባሕር።
(ባለቤቴን መሥሪያ ቤቷ አልለቅም ብሏት፣
«አንተ ሂድ፣ ትነግረኛለህ» ነበር ያለችኝ፣ የዚያን ለት።)

ባቡሩ ከከተማው ርቆ፣ ሜዳ ላይ አወረደን፣
ፀሐይ እንደ ጉምሩክ፣ ከራስ እስከ እግር ዳበሰን።
አንዲት ሌሊት ነበር ድሬ ላይ ማደሬ፣
ነገ ድንበር ተሻግሬ፣ ጨው ሊለብስ ነው ፀጉሬ።
በዚያች ሌሊት ክፍሌ ውስጥ ቬንትሌተር እያቃሰተ፣
አንሶላ ነክሬ ብለብስ፣ ሳልተኛ ደርቆ እንደ ካርቶን ተጎተተ።

በማግስቱ፣
ትኬት ቆራጯ ልጅ፣ ከመስኮቱ፣
ፓስፖርቴን ገልጣ፣ ጣቷን ቀኑ ላይ አሳርፋ፣
«ስድስት ወር ካልቀረው አያሳልፉም» አለች፣ መልሳ አጥፋ።
ባሕሩ ቀረ።
ፎጣው ሻንጣዬ ውስጥ እንደ ታጠፈ አደረ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከተማዋን ዞርኳት፣
እንደ ሰው ሙሽራ፣ በሩቅ እያየኋት።
ከዚራ፣ መንገዱ በማስመሪያ የተሰመረ፣
ዛፉ ከዛፍ ተቃቅፎ ጥላ የደረደረ፤
የድሮው ጣቢያ ደጅ፣ ዘበኛው ጥላ ሲሸሸው፣
ወንበሩን ከፀሐይ ጋር ቀስ እያለ የሚያዞረው።
ቀፊራ ስደርስ ደግሞ፣ ቋንቋው ተደባልቆ፣
በሶማልኛ ጠይቆ፣ በኦሮምኛ ተከራክሮ፣ በአማርኛ ስቆ፣
አንድ ሰው ሦስት ሆኖ አንዲት ሐብሐብ ገዛ፤
እኔ ባንዷ ቋንቋዬ፣ ሎሚ ይዤ ቆሜ፣ ላቤ ብቻ በዛ።

ከቀትር በኋላ ከተማው የለም።
ሱቁም ሰውም ውሻም ጥላ ገብቷል፤ ማንም አይቸኩልም።
እኔ ብቻ ሮጥኩኝ፣ የለመደብኝ ሩጫ፣
ባዶ ጎዳና ላይ፣ እንደ ጠፋው መውጫ።
ባለባጃጁ ሸምሰዲን ቆም አለና አየኝ፣
«አቦ፣ ማን አባረረህ?» ብሎ ጠየቀኝ።
ነገርኩት፤ ባሕሩን፣ ስድስት ወሩን፣ የመስኮቷን ልጅ፤
ሳቀ። «እንግዲያው ግባ፣ ባሕር አለን እኛም፣ እዚሁ ደጅ።»

አመሻሽ ላይ ወሰደኝ፣ ከድልድዩ ሥር፣
ደቻቱ ተዘርግቷል፣ አሸዋ ብቻ፣ እስከ ማዶው ግንብ ዳር።
ውሃ የሚባል የለ። ኳስ የሚያባርሩ ልጆች፣
አሸዋ የተጫኑ፣ ቆመው የተረሱ ሁለት አህዮች።
ንፋስ ወረደ እንጂ፣ ከየት እንደሆነ እንጃ፣
እግሩን እየጎተተ፣ ተራራውን እንደ ቤት ደረጃ።
ፎጣዬን አነጠፍኩ። በአዲሱ ቁምጣ ተጋደምኩ፣
ልጆቹ ኳስ አቆሙ፤ እኔም በራሴ ሳቅኩ።

ሆዳን፣ የግመል ወተት ሸጣ የምትመለስ፣ ጄሪካኗን አንጠልጥላ፣
ፎጣዬን አየችው፣ እኔንም፣ ከሳቋ ጋር ታግላ።
«እዚህስ አይተኛም» አለች ቆይታ፣ ሳቋ ጠፍቶ፣
«ይሄ የውሃ ቤት ነው። ውሃው ነው የሌለው፣ ወጥቶ።
ተራራው ላይ ሲዘንብ፣ እዚህ ሰማዩ በኮከብ እያበራ፣
ሌሊት ይገባል ቤቱ፣ ሳያንኳኳ፣ ሳይጣራ።
አይቼዋለሁ አንድ ክረምት። አንድ ፍየል፣ አንድ በር፣
አንድ…»
           የቀረውን አልጨረሰችም። ጄሪካኗን አነሣች ከምድር።

ተነሣሁ። ፎጣዬን ሁለት ጊዜ አራገፍኩት፣
ትንሽ አሸዋ ግን እንቢ አለኝ፤ ተውኩት።

ዘጠኝ ቀን ከረምኩኝ። ጨዉንስ አገኘሁት፣ ከገዛ ግንባሬ፤
ሩጫዬ የት ጥላ ሥር እንደወደቀ፣ አላውቅም እስከ ዛሬ።
ማታ ማታ ድልድዩን ተደግፌ እቆማለሁ፣
ባለቤቱን እንደሚጠብቅ እንግዳ፣ ወደ ላይ ወደ ተራራው አያለሁ።

ቤቴ ስገባ፣ ባለቤቴ በረንዳ ላይ ፎጣውን ስታራግፈው፣
አሸዋው ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ በጣቷ ነካ አደረገችው።
«እና ባሕሩስ?» አለችኝ፣ «እንዴት ነው መልኩ፣ ስፋቱ?»
«ሄጄ ነበር» አልኳት፤ «አላገኘሁትም፣ ከቤቱ።»