እጅ ሲያጥር

ባቡሩ ጢም ብሏል፣ ለገሃርን አልፏል፤
ግራ እጄ ብረቱን እንደ ዘመድ አቅፏል።
በቀኜ ይዣለሁ የዕቁቤን ፍሬ፣
ሰሌዳ የሚያህል ስልክ፣ የገዛሁት ዛሬ።
ከአናቱ ላይ በራ የሽመክት ስም፤
አውራ ጣቴ ቢንጠራራ፣ ቢንጠራራ አይደርስም።

ትናንት ገንዘብ ሲለኝ ለልጁ መድኃኒት፣
«እጅ አጥሮኛል» ብዬ ነበር የመለስኩለት።
ይኸው ዛሬ አጠረኝ፣ በሰው ፊት፣ በእውነት።

ከጎኔ የቆመች ተማሪ አየችኝና፦
«ግርጌውን ወደ ታች ሳብ አድርገው፣ ጋሼ፣ ቀስ በልና።»
ሳብኩት። እኩሌታው ጨለመ፤ ሰማዩ ዝቅ አለ፣
ስሙም ከነመልእክቱ ከጣቴ ሥር ዋለ።

«ሌላ ሰው ሰጠኝ፤ አንተ አትጨነቅ፣ በርታ።»

ስታዲየም ላይ ሰው ወረደ በጫጫታ፤
ማያው በራሱ ጊዜ ወጣ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ቀድሞ ቦታ።