የቁልፍ ትንፋሽ

በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን፣ ሊነጋጋ አሥራ አንድ ሰዓት፣
ጠባሴ ላይ ውሻም አይጮህ፣ ውርጭ ድምፁን ቀምቶበት፤
ሳይክሌን ከግድግዳው ሳላቅቃት ትንቋቋለች፣
ካቴናዋ ዘንግ ሆኖ፣ ፔዳሏ «አልዞር» ትላለች።

ጋሽ ሸዋቀና፣ ነፍሱን ይማረው፣ ከጎሚስታው ደጅ ቁጭ ብሎ
ይመክረኝ ነበር፣ እጁን በብጣሽ ጨርቅ ጠቅልሎ፦
«ግራሶ በብርድ እንደ ሞራ ነው፣ ይረጋል፤
በላምባ እጠብና፣ የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ይበቃል።
ጎማዋም ረገብ ይበል፣ ልጄ፣ አትርሳ ይህን፤
አመዳይ ላይ ጠግቦ መሮጥ ያስለቅማል ጥርስህን።»

ሁሉን እንዳለው አደረግሁ። ቁልፉ ግን ነከሰ አፉን፤
እፍ አልኩበት ተንበርክኬ፣ አሟጥጬ ሳንባዬን።

አስካለ በሩን ተደግፋ፦
«የእኔንስ እጅ» አለች፣ «አንድ ቀን እንዲህ አሙቀህ ታውቃለህ?»
ሳቀች።
ሳቋ እንደ እኛ አገር የጠዋት ፀሐይ ነው፣
ያበራል እንጂ አይሞቅም።

ራርታ ግን ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች፤
«ተይ!» ሳልላት ፍል ውኃውን አፈሰሰች።
ቁልፉ ተከፈተ፣ ተገላገልኩ፤
ፋብሪካው በር ስደርስ፣ ውኃው ወደ ፍሬኑ ወርዶ በረዶ ሆኖ ኖሯል፣
በጫማዬ ጠጠር እየፋቅሁ ቆምኩ።
ዘበኛው ጥላዬ፦ «ዛሬስ ሥራ ናፍቆሃል!»

ሙሉ ቀን ብርድ ልብስ ሳጥፍ ዋልኩ፣
የማላውቀው ሰው የሚሞቀው።

ማታ ሳይክሌን በረንዳው ላይ ጥዬ፣
ጆንያ እንኳ ሳላለብሳት፣
«እጅሽን አምጪ» አልኳት።
«ላምባ ላምባ ትሸታለህ፣ መጀመሪያ ታጠብ» አለች።
እጇን ግን አልወሰደችም።