ጨለመ እኮ

ድሬዳዋ ድሮ ነጭ የሆነ ሁሉ «ሙሴ» ነበር ስሙ፣
ሰዓት ሠሪው አርመን፣ ግሪኩ ዳቦ ጋጋሪ፣ የባቡሩ ሐኪሙ።
ግን አንዱ ብቻ ነው፣ ከመጋላ ማዶ ቆዳ የሚሰበስብ፣
ሙሴ ተብሎ ተጠርቶ፣ ዞሮ ደግሞ የሙሴን መጽሐፍ የሚያነብ።
ሙሴ ሰዓድያ።
ከዓደን በመርከብ፣ ከጅቡቲ በባቡር፣
ይዞት የመጣው ዕቃ አንድ ሚዛን፣ አንድ ሣጥን ነበር።
ሚዛኑ ለቆዳው፤
የሣጥኑን ነገር አልናገርም፤ ሲከፈት ዐይኔ ነው የሸሸው።

ቤቱን ከዚራ ሠራ፤ ኖራ የተቀባ፣ አጭር፣ ባለ ቅስት፤
የደጁን ኒም ራሱ ነው የተከለው፣ ጥላ ለጎረቤት።
ወዲህ አዛን፣ ወዲያ ደወል፣ ከታች የባቡሩ ጡሩምባ፤
በሦስቱ መካከል የሱ ቤት ዝም ይላል፣ ዓርብ ፀሐይ ስትገባ።

እኔ ቡሽራ ነኝ፣ የጋሪ ነጂ ልጅ፤ ያኔ ዘጠኝ ቢሆነኝ ነው።
እነሱ በሰንበት እሳት አይነኩም፤
ደግሞም «አብራልን» ብለው አያዙም።
በሩ ላይ ይወጣል፣ ጢሙን ይዞ ቆሞ ሰማዩን ያያል፤
«ጨለመ እኮ፣ ቡሽራ» ወሬ አስመስሎ ለራሱ ይላል።
ጨለመ፤ እና ምን? ትእዛዝ አይደለም፣ ልመናም አይደለ፤
የኔ እግር ግን ሮጠ፤ ማሾው ተለኮሰ፤ ግድግዳው ብርቱካን መሰለ።
ስሙኒዬን ደግሞ ቅዳሜ አይከፍልም፣ ገንዘብ አይነካማ፤
እሁድ ነው፣ ኒሙ ሥር እጄን ዘርግቼ የጫማውን ኮቴ ከሩቅ የምሰማ።

እንዴት እንደ ሄዱ በወጉ አላየሁም፤ ባንድ ቀን አይደለም።
መጀመሪያ ልጆቹ፣ ቀጥሎ ሚስትየው፤
ሱቁ ሁለት ሳምንት ተከርችሞ ዋለ፤ ማንም አልጠየቀም።
ዐሥር ወንድ ካልሞላ ሣጥኑ አይከፈትም፤
ስምንት ሆኑ። አምስት።
በኋላ እሱና እኔ፤ እኔ ደግሞ አልቆጠርም።
አንድ ዓርብ አመሸሁ በሩ ላይ፤ ወጥቶ ምንም አላለኝም።
ሰዓድያም የለም፣ ሣጥኑም የለም።

ከዚያማ ዐዋጁ መጣ፤ ትርፍ ቤት ተወረሰ፤
ቀበሌው ስኳርና ጋዝ አከማቸበት፤ ሠልፉ ኒሙ ደረሰ።
ከጋዙ በኋላ ኪነት ቡድን ገባ፣ ከበሮና መፈክር፤
የመስኮቱን ቅስት በቀይ ቀለም ቀቡት፤ ጠዋት ጠዋት ወለሉ ደም ይመስል ነበር።
ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ሰው የጠረገ ጊዜ
ከጎርፍ የተረፉ ሃያ ሁለት ነፍስ እዚያ ተኮልኩለው አደሩ፤
አንዷ እዚያው ወለደች። ነርሷ ዙሪያዋን አይታ፣
ከጓዳ ያገኘችውን የዛገ ሚዛን በነጠላ ጠርጋ፣ ልጁን መዘነችው፤
ሁለት ኪሎ ከስድስት። የቆዳ ሚዛን አይዋሽም።

ዛሬ ሰሌዳው በሦስት ቋንቋ «የባህል ማዕከል» ይላል።
ሸጎዬው ሲረገጥ፣ ዳንቶው ሲጨበጨብ፣ ያሮጌው ኖራ ይራገፋል።
እኔ መብራት ሠሪው። ጡረታ ወጥቼም አልለቀቁኝም፣
ፊውዙ የት እንዳለ ከኔ ሌላ የሚያውቅ የለም፤
ግባ ወደ መድረኩ፣ ሰሜኑ ግድግዳ፤
ቆጣሪው ያለበት፣ ያው ሣጥኑ የነበረበት ጎድጓዳ።
ያኔ ጀርባ የሚሰጠው አልነበረም፤ ሲሰናበቱት እንኳ ወደ ኋላ ነው የሚራመዱ።
አሁን ተወዛዋዡ ሁሉ ጀርባውን አዙሮለት ወደ ሕዝብ ይስቃል።
አልፈርድም። ከፍሎ የገባ ሰው ፊት ይፈልጋል።

ባለፈው ዓርብ፣ ልምምድ ላይ፣ መብራት ሄደ።
ከዚራም ጠፋ፣ መጋላም ጠፋ፤ ከበሮው መሀል መንገድ ቀረ።
አሠልጣኟ ኢፍቱ፣ የትናንት ልጅ፣ ሰዓድያ ቢሏት ማነው የምትል፣
በሩ ላይ ወጥታ፣ ላቧን እየጠረገች፣ ሰማዩን አየች፤
«ጨለመ እኮ፣ አባ ቡሽራ» አለች።
አብራ አላለችም።
ጉልበቴ ሕመሙን ረሳ፣ እግሬ ብቻ ሮጠ፤
ጄኔሬተሩ ሦስቴ አስነጠሰና
ግድግዳው ብርቱካን መሰለ።

እሁድ ሥራ የለም።
ጥበቃው ኒሙ ሥር አገኘኝ፣ በጠዋት፤
«አቦ፣ ምን ረስተህ መጣህ?» አለኝ።
መልስ አጣሁለትና
ወደ ታች ሳይ፣
እጄ ተዘርግቷል።