ማነው

ስሙን ያወጣሁት ለቀልድ ነበረ፤
«ማነው!» ብዬ ስጠራው፣ በር ያንኳኳ ሁሉ ስሙን ተናገረ።
አሥራ አራት ዓመት፣ በአዳማ ንፋስ፣ በአዳማ አቧራ፣
ቆርቆሮው በተንኳኳ ቁጥር በእኔ ፈንታ ሲነቃ፣ በእኔ ፈንታ ሲጣራ።

ኋላ ጆሮው ሄደ፤ ቀጥሎ ዓይኑ፤ በመጨረሻ እግሩ፤
ሽንት ባመለጠው ቁጥር ያፍራል፣ ፊቱን ያዞራል ወደ አጥሩ።

ዶክተር ገመቹ በባጃጅ መጣ፣ መርፌውን በጋዜጣ ጠቅልሎ፤
«አያመውም» አለኝ፣ ዓይኔን ላለማየት ጎንበስ ብሎ።

ጭንቅላቱ ጭኔ ላይ ነበር።
ሲከብደኝ አወቅሁ።

እትዬ ዘምዘም በአጥር አሻግረው «ለውሻ ነው እንዴ?» አሉኝ፤
ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና የራሳቸውን አካፋ አቀበሉኝ።
ዕድር የለው፣ ድንኳን የለው፤ ከፓፓያው ሥር ቆፈርኩ፤
አሸዋው እየተናደ ሞላብኝ፤ እንደ አዲስ ጀመርኩ።

ዛሬ ጠዋት በር ተንኳኳ።
«ማነው» ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት፤
ዝም ብዬ በሩን ከፈትኩት።
ቆጣሪ አንባቢው ነው፤ እንደ ልማዱ ድንጋይ ጨብጧል፤
አንገቱን አስግጎ፣ «ውሻው ታስሯል?»

«ታስሯል» አልኩት፤ «ግባ»።