ለቅዳሜ የሚያድር

ሰማንያ ሰው ጠርተናል፤ ልጅ የሚባል የለም፣
ሁሉም ጥርሱ የበሰለ፣ በከረሜላ አይታለልም።
ወጡ ለእናቴ ደረሰ፤ ቢራው ለአጎቴ፣
ጣፋጩ ለኔ፤ ቅዳሜ ሊሸኝ ነው አባቴ።
ሠላሳ አራት ዓመት ወንጂ ላይ ስኳር ሲያፈላ ኖሮ፣
በሰኔ መዝጊያ ወጣ፤ አንድ የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ ወረቀት ቋጥሮ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እጅ አይኖረኝም፣
እንግዳ ልቀበል ወይስ እንቁላል ልምታ? ሁለቱን አልችልም።
ስለዚህ አሁን ተሠርቶ የሚያድር፣
አድሮም የማያሳፍር።

መጀመሪያ የክሬም ኬክ ጻፍኩ፤
ፍራንኮ ያለው ኬክ ቤት ሦስት ደርብ ይሠራል፣ ጽጌረዳ ከነቅጠሉ።
የአዳማን ቀትር ግን አስቡት፤ ድንኳኑ ሥር ወበቁ ሲበረታ፣ ሲከር፣
ንግግሩ ሳያልቅ ጽጌረዳው ከሦስተኛ ፎቅ ይዘላል ወደ ምድር።
ፍሪጅስ? አንድ ነው፤ እሱም መብራት ሲኖር።
የጎረቤቴ የሌንሳ አለ፤ በዝዋይ ዓሣ ተይዟል፣
የልኳንዳው ማቀዝቀዣ ሰፊ ነው፤ ኩላሊት ኩላሊት ይሸታል።

ክሬም ካራሜል? ስድሳ እንቁላል ይበላል።
ዋጋውን ስሰማ ሻጩን ቀና ብዬ አየሁት፣
ከነዶሮዋ መስሎኝ፤ "ባዶውን ነው" አለኝ፤ ተውኩት።
ደግሞም እትዬ የወርቅውሃ የሰኔን ጾም ይጾማሉ፣
"ወተት አለበት?" ብለው ማንኪያውን ይመልሳሉ።

ታናሽ እኅቴ ስልኳን ይዛ መጣች፤ ቲራሚሱ፣
"አድሮ ነው የሚጣፍጠው፤ ትንሽ አረቄም አለው እሱ።"
ሐጂ ሙክታር ከፊት ነው ወንበራቸው፣
አባቴን ፋብሪካ ያስቀጠሩት እሳቸው።
ሰረዝኩት።

ያልጻፍኩትም አለ። ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያነሳውም፤
ስኳር ነበር ሥራው፤ ስኳር ሆነ ሕመሙ፣
ለሁለቱም አንድ ነው በኛ አፍ ስሙ።
ጋሽ ቱፋ አንድ የእግር ጣታቸውን ሰጥተውታል፣
ጋሽ ላምቤቦ ሻይ ሲቀዳላቸው መዳፋቸውን ብርጭቆው ላይ ይከድናል፣
አባቴ ጠዋት ጠዋት ሆዱን ቆንጥጦ መርፌውን ይወጋል።
ከሰማንያው ስንቱ ነው? ልቆጥር ጀምሬ ፈራሁ።

ወደ እኩለ ሌሊት ባቅላባ ላይ ወደቅሁ።
ቅቤው በዘይት ይተካ፣ ውስጡ ለውዝ ይሁን፤
ፍሪጅ አይፈልግ፣ እንቁላል አይፈልግ፤
ሦስት ቀን ቢያድር እየረጋ፣ እየተስማማ የሚሄድ፣
እንደ ቆየ ትዳር።
ለስኳሮቹ ፓፓያ፤ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ጠዋት የሚቆረጥ፣
እሱን ሌንሳ ትቁረጥ።

ሽሮፑን ጣድኩ። መንተክተክ ሲጀምር
አባቴ በነጠላ ጫማ መጣ፤
የሚፈላ ስኳር ከእንቅልፍ የሚጠራው ሰው።
ምንም አላለኝም። ማንኪያውን ተቀበለኝ፣
አንዲት ጠብታ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል ይዞ
ቀስ አድርጎ ከፈታቸው።
ክር ተሳበ፤ ቀጭን፣ በአምፖሉ ብርሃን ቢጫ፤
ሳይበጠስ ቆየ።
"አሁን አውርጂው።"

ከዚያ ጣቶቹን አየ።
እኔም አየሁ።
ሊልሳቸው መስሎኝ ነበር፤ አፌ ውስጥ "አባዬ" የሚል ቃል ቆሞ ነበር።
ወደ ቧንቧው ሄዶ ታጠበ፤ ቆይቶ ቆይቶ ታጠበ፣
አንድ ዕድሜ ሙሉ የተጣበቀ ነገር እንደሚያስለቅቅ።

በሩ ላይ ሲደርስ፣
"ስትቆርጪው አሳንሺው" አለኝ፤ "የጥፍር ያህል።
ቱፋም አንድ ይቅመስ፤ ላምቤቦም። ከታለፉ ይቀየማሉ።"
"አንተስ?"
"እኔማ እስኪበቃኝ ሳሸተው ኖሬያለሁ።"

የምመልስለትን ሳላገኝ መብራት ጠፋ።
ጨለማው ውስጥ ሽሮፑ ብቻ ቀረ፣
ቀስ ብሎ እየበረደ፣
ለቅዳሜ።