ጭነት

ከጅቡቲ ገብቼ መኪናውን ባቆም፣
አልጋ ላይ ስወጣም ሞተሩ አይቆም።
ዓይኔን ስከድነው ሚሌ ላይ ነው መንገዱ፤
ያ ኩርባ፣ ያ ፍሬን፣
የረዳቴ የጀማነህ አንድ እግር ጫማ።

ሐኪሟ «ዋና ሞክር» ስትለኝ ሳቄ መጣ፤
ለሃምሳ ዓመት ሰው! ለደረቅ አገር ልጅ!
ግን ይኸው ማክሰኞ፣ አዳማ፣ ከሆቴሉ ጓሮ፣
ባጃጁ ሳይንጫጫ፣ ፀሐይዋ ሳትከርር፣
በሰው ቁምጣ ቆሜያለሁ፣ ሆዴን ደብቄ።

«በጀርባህ ተኛ» አለኝ ሂርጳ፣ አሠልጣኙ፣
የልጄ እኩያ።
«አንገትህን ልቀቀው። ውሃው ይዞታል።»

አራት መቶ ኩንታል ስጭን፣ ሳራግፍ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ጎማ ስቀይር፣
እኔን የጫነኝ ማን ነበር?

ጆሮዬ ሰጠመ። ከተማው ጠፋ።
ኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይኖቹ
ዝም ብለው ይዞራሉ፤
እኔም ዝም ብዬ ተንሳፈፍኩ።
ትንፋሼን ሰማሁት፣ እንደ ሌላ ሰው ትንፋሽ፣
ቀስ ብሎ ሲገባ፣
ቀስ ብሎ ሲወጣ።

ክሎሪኑ ነው አልኩ፣ ዓይኔ ሲቀላ።
ሂርጳም አልጠየቀኝ፤ ፎጣ ብቻ አቀበለኝ።

ማታ ሚሌ መጣ፤ መምጣቱ አልቀረም።
ግን ጀማነህ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ
ነፋሱን ሲቀዝፍ ነበር፣
እንደ ዋናተኛ።
አየሁት።
ተኛሁ።