ደመ ከልብ

ጭጋጉ ዳኑብን ውጦ፣ ማዶው ጋላትስ ጠፍቷል፤
መኪና አሻጋሪው ጀልባ ከነሰንሰለቱ ቆሟል።
«ወንዙ ሲታይ እንሄዳለን» ይላል ሹሙ፣ ሻይ እያማሰለ፤
ወንዝ የማይጠብቅ በሽተኛ ከኋላዬ እንዳለ
ማን ይንገረው? እኔ ነገርኩት። ትከሻውን ሰበቀ፤
የመኪናዬ መስታወት በትንፋሻቸው ላብ ተጠመቀ።

ሦስት ናቸው።
አንደኛው ኡርሱ ነው፤ ድብ ማለት ነው፣ ድብም ያክላል፤
ጆሮው ተተርትሮ እንኳ ሳጥኑን በጅራቱ ይደልቃል።
ሁለተኛዋ ዳሊያ፤ አሥራ አራት ዓመት፣ ጡቷ ሥር እብጠት፤
እናት የሞተችበትን ቡችላ ሁሉ ያጠባች ሞግዚት።
ሦስተኛው ስም የለውም።
ትናንት ማታ ከሐዲዱ ዳር ቪዮሪካ በብርድ ልብስ አመጣችው፤
መዥገሩ እንደ ባቄላ አብጦ፣ አንገቱን ዙሪያ ወርሶት አገኘችው።
ሽንቱ እንደ ጠላ ጠቁሮ፣ ድዱ እንደ ወረቀት ነጥቶ፣
አይጮህም፤ ያያል ብቻ፣ አገጩን መዳፉ ላይ ትቶ።

እኔ እዚህ የመጣሁት፣ በደርግ ጊዜ፣ የመርከብ ሞተር ልማር፤
ሞተሩንም ተማርኩ፤ መርከቡም ተሸጠ፤ ቀረሁ ከወንዙ ዳር።
አሁን የምነዳው ይቺን ነው፤ ሦስተኛ ማርሽ የምትጠላውን፣
ፀጉርና አዮዲን የምትሸተውን።

ሁለት ሰዓት ላይ ጭጋጉ ሳሳ። ተሻገርን።
ከኛ በፊት ጥንቸል ያቀፈ ልጅ ነበር፤ ተራ ያዝን።
ጸሐፊዋ ቅጽ ሰጠችኝ። «ዝርያ» የመንገድ፤ «ዕድሜ» እንጃ፤
«ስም» የሚለውን ባዶ ተውኩት።
ለሚሞት ስም አላወጣም፤ የቆየ ነው ይሄ መሐላ፤
ስም ያለው ሬሳ ይከብዳል፣ ሲወርድ ከመኪናው ኋላ።

ዶክተር ዞይካ ድዱን ገልጣ፣ ጠብታ ደም መስታወት ላይ ዘረጋች፤
«ደሙን የመዥገሩ በሽታ በልቶታል፤ ካልተተካ ማታ አይደርስም» አለች፤
ዓይኗ ኡርሱ ላይ አረፈ።
ኪሎው? አርባ አንድ። ክትባቱ? ሙሉ። ልቡ? እንደ ከበሮ።
የመጣው ለስፌት ነበር፣ ለአንዲት የተቀደደች ጆሮ።

በቋንቋዬ አንድ ቃል አለ፣ እዚህ ለማንም ያልነገርኩት፤
ገዳዩ ያልተጠየቀበት፣ ወገን ያልጮኸለት ሙት
«ደመ ከልብ ሆነ» ይባላል። የውሻ ደም። ፈሶ የሚቀር፣
ካሳም ጠያቂም የሌለው፣ የሚጠጣው አፈር።
ወንድሜን እንዲህ ብለውት ነበር፤
የቀበሌው ሰዎች፣ በራችን ላይ ቆመው፣ ዝናቡ ሳያባራ።

ከረጢቱ በቀስታ ሞላ። ከቀይ ይልቅ ጥቁር ነው።
«እንዳይበርድ በእጅህ ያዘው።»
ያዝኩት።
ስልሳ ሦስት ዓመት የሰማሁት ቃል መዳፌ ውስጥ ሞቀ።
ከዚያ በቀጭኑ ቱቦ፣ ጠብ፣ ጠብ፣
ወደ ስም የለሹ ወረደ፤ ማንም አልቸኮለም።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድዱን አየን፤
ገና ቀይ አይባልም። ነጭ ግን አልነበረም።

ዳሊያ በወዲያኛው ጠረጴዛ ነበረች። ሳንባዋ ደርሷል፤
ፎቶውን በመብራት አየሁት፤ በረዶ የጣለበት ማሳ ይመስላል።
እጄን ላሰችኝ፤ ጨው ፈልጋ ይሁን ስንብት፣ አላውቅም፤
መርፌው አላመማትም። እኔን ግን... እሱ ይቅር፣ አልናገርም።

ሂሳቡ በዱቤ ተጻፈ፤ ቪዮሪካ ሦስተኛ ገጿን ሞላች።
«የሚያድረው ስም ያስፈልገዋል» ጸሐፊዋ ቅጹን መለሰች።
«ደሜ» አልኳት።
«እንዴት ይጻፋል?»
«እንደሰማሽው።»
አሳስታ ጻፈችው፤ አላረምኳትም።

ሲመሽ ጀልባው ላይ ሹሙ በመስኮቱ አጮልቆ፣
«ሦስት አልነበሩም?» አለኝ፣ ባትሪውን አብርቶ፣ አርቆ።
አንዱ ማዶ አድሯል፤ አንዷ ተኝታለች አልኩት።
ከኋላ የተጠቀለለውን አየ። ቆቡን ነካ አደረገና
ሙሉ ሂሳብ ተቀበለኝ፤ መልሱን ቆጥሮ ሰጠኝ።
ወንዙ ጥርት ብሎ ይታያል።
ኡርሱ፣ ጆሮው በፋሻ፣ አንገቱ ተላጭቶ፣
ሳጥኑን ይደልቃል።